ላሜራው ለምን እምቢ ይላል? ጥያቄና መልስ

ላሜራ 90 ዲግሪ አጥፌ ስለቀው ትንሽ ይከፈትብኛል። ማጠፊያው ተበላሽቶ ይሆን? (በር ሠሪ፣ ባሕር ዳር ቀበሌ 14)

ማጠፊያውን ተወው፣ ወንድሜ። ብረቱ ሲታጠፍ ከፊሉ በዚያው ይቀራል፤ ከፊሉ ግን እንደ ላስቲክ ተወጥሮ ይቆይና ስትለቀው ይመለሳል። ጠንካራ ብረትና አሉሚኒየም ይብሳሉ። ትንሽ አሳልፈህ እጠፍ። ግን በቁራጭ ሞክር፤ አንዱ የላሜራ ጥቅል ከሌላው ይለያል።

ውጭ አገር ይህን የላሜራ መመለስ በኤሌክትሪክ ነው የሚያስቀሩት አሉ። የብየዳ ማሽኔን ኬብል ላሜራው ላይ ባስይዝስ? (ጣና ዳር ጀልባ የሚሠሩ አንባቢ)

ወሬው እውነት ነው፤ የብየዳ ማሽኑ ነገር ግን አይሆንም። ላሜራው ሻጋታው ውስጥ እንደተጫነ፣ ፕሬሱ (መጫኛ ማሽኑ) ሳይነሳ፣ ለአጭር ጊዜ ከባድ ከረንት ይለቀቅበታል። ያኔ ውጥረቱ ይረግባል፤ ሲለቀቅ የሚመለሰው ያንሳል። ከተለቀቀ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?

ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ 50 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 100 አምፔር ብንሰጠው 5,000 አምፔር ይፈልጋል፤ በአንድ ሰከንድ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል። የእርስዎ ማሽን 200 አምፔር ቢሰጥ ለካሬ ሚሊሜትር 4 ብቻ ይደርሳል። ላሜራው ለብ ቢል ነው። ኬብሉ የነካበት ቦታ ግን ይበሳል!

1 ሜትር ስፋት ላለው የጀልባ ላሜራ ደግሞ 100,000 አምፔር ሊያስፈልግ ነው። ይህን ያህል ከረንት ከብየዳ ማሽን አይገኝም። በዚያ ላይ ሻጋታውና ላሜራው መሃል ከረንት የማያሳልፍ ነገር በደንብ ካልገባ ከረንቱ አቋርጦ ወደ ፕሬሱ ይሄዳል። ይቅርብዎ።

ጋልቫናይዝድ ላሜራ በጋዝ አሙቄ ባጥፍስ?

አይሆንም። ጋልቫናይዝድ ማለት ዚንክ የተቀባ ነው፤ ዚንኩ 420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ከዚያ አልፎ ሲጨስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል። ብረቱም ራቁቱን ቀርቶ ይዝጋል።

ብረቱን የሚያለሰልሰው ሙቀቱ ነው ወይስ ከረንቱ ራሱ? (የፖሊቴክኒክ ተማሪ)

ጎበዝ፣ ይሄ ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። የሶቪየቱ ተመራማሪ ትሮይትስኪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከረንቱ ራሱ ድርሻ አለው አለ። ሌሎች ሁሉም ሙቀት ነው ይላሉ። እኔም ለዚህ ለላሜራው ጉዳይ ወደ ሙቀቱ አደላለሁ። ለመለየት አንዱን ቁራጭ በከረንት፣ ሌላውን በእቶን እኩል አሙቂና የሁለቱን መመለስ አወዳድሪ። ቴርሞኮፕሉ (የሙቀት መለኪያው ሽቦ) ግን የሚለካው ላዩን ነው፤ ውስጥ ነጥብ ነጥብ ብሎ የጋለውን አያይም። ተከራካሪዎቹም የሚጣሉት እዚሁ ላይ ነው።