ቲኤስኤች በሦስት ሳምንት ለምን አልወረደም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ላሳጥረው። ቲኤስኤች (አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ ዕጢ የሚያዘው ሆርሞን) 18 ወጥቶ ፍሪ ቲፎር (ታይሮይድ ከሚያመርተው ሆርሞን፣ ከቲፎር፣ በደም ውስጥ ነጻ የሆነው) ዝቅ ስላለ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው የቲፎር ምትክ ኪኒን 50 ማይክሮግራም ታዞልሻል። በሦስተኛው ሳምንት በራስሽ ስታስመረምሪ 14 ሆነ። ኪኒኑን ጠዋት ከቡና ጋር ነው የምትውጪው፤ ለደም ማነስ የታዘዘልሽን የብረት ኪኒንም አብረሽ ትወስጃለሽ። አንገትሽ ላይ ትንሽ እንቅርት ስላለ ደግሞ «ዕጢዬ አብጦ፣ አብዝቶ እየሠራ ሳለ ሆርሞን ለምን ይጨመርልኛል?» ብለሻል።

ከእንቅርቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የዕጢው ትልቅነት ስንት ሆርሞን እንደሚያመርት አይናገርም። እንቅርት ያለበት ሰው ሆርሞኑ ትርፍ፣ ጎዶሎ ወይም ልክ ሊሆን ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራው ነው።

ቲኤስኤች ራሱ የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው፣ አተር የምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። በደም ውስጥ ያለው ቲፎር ሲያንስባት ትእዛዙን ታበዛለች፣ ሲተርፍ ትቀንሳለች። ስለዚህ የቲኤስኤች መጨመር የታይሮይድ መድከም ምልክት ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ከፍተኛ» የሚለውን አይቶ ሆርሞኔ በዛ የሚል ሰው ገልብጦ ነው ያነበበው። ቁጥሩም እንደ ገንዘብ አይቆጠርም። ቲፎር በጥቂቱ ሲወርድ ቲኤስኤች በብዙ እጥፍ ይዘላል። 18 ያለው ሰው 6 ካለው በሦስት እጥፍ ታሟል ማለት አይደለም።

ይህ ትእዛዝ ታይሮይድን ሆርሞን እንዲያመርት ብቻ ሳይሆን እንዲያድግም ያደርገዋል። ትእዛዙ ለወራትና ለዓመታት ሳያቋርጥ ሲመጣ፣ ማምረት ያቃተው ዕጢ በሥራ ፈንታ በሥጋ ይጨምራል። በአገራችን ደጋና ተዳፋት አካባቢዎች የእንቅርት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ መነሻው ደግሞ የአዮዲን እጥረት ነው። አንዱ የቲፎር ሞለኪውል አራት የአዮዲን አተም ይፈልጋል፤ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ካጠበው አፈር የሚበቅል እህል ደግሞ ያንን አይሰጥም። ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ይበቃል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዘዘው ለዚህ ነው። አዮዲኑ ግን በእርጥበት፣ በፀሐይና በሙቀት ይባክናል። ጨውሽን በተከደነ ዕቃ ከምድጃ አርቀሽ አስቀምጪ፤ ወጡ ላይም ሊወጣ ሲል ጨምሪ። አሞሌ ይህ አዮዲን አይጨመርበትም።

አዮዲን በበቂ ለሚያገኝ ሰው የተለመደው ምክንያት ሃሺሞቶ የሚባለው ነው፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ ጠላት አድርጎ ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። አንቲ ቲፒኦ የሚባለው የደም ምርመራ ይጠቁመዋል። እዚህ ላይ አዮዲን ያለው ጨው አያድንም፣ የአዮዲን ጠብታ ገዝቶ መውሰድ ደግሞ ዕጢውን ይበልጥ ሊያደክመው ይችላል። እንቅርቱ ከጠነከረ፣ ቶሎ ካደገ፣ ድምፅሽን ካጎረነነው ወይም መዋጥ ካስቸገረሽ አልትራሳውንድ ሳትዘገዪ ተነሺ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሳምንት። ቲፎር ከደም የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ዛሬ ወደ ደምሽ የገባው ከሰባት ቀን በኋላም ግማሹ እዚያው አለ። በየቀኑ የምትጨምሪው በዚያ ላይ እየተደራረበ የሚረጋው ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ፒቱታሪም ለወራት የለመደችውን ጩኸት በአንድ ቀን አትተውም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቀው የሚለኩት። ከ18 ወደ 14 መውረዱ አቅጣጫውን ያሳያል እንጂ መጠኑ በቃ ወይም አነሰ አያሰኝም። አሁን ተቻኩለሽ ብትጨምሪ ከሁለት ወር በኋላ ትርፉ በልብ ምት፣ በእጅ መንቀጥቀጥና በእንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ትርፉ ለዓመታት ከቀጠለ አጥንት ያሳሳል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ዕጢው ጨርሶ ሥራ ያቆመበት ሰው የሚያስፈልገው በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ወደ 100 ይመጣል። ያንቺ ዕጢ የቀረ አቅም ካለው 50 ሊበቃው ይችላል።

ግን ዋናው ጣጣ የመጠኑ ሳይሆን የቡናውና የብረቱ ይመስለኛል። ሌቮታይሮክሲን የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት ነው፤ ያውም በባዶ ሆድ ሲሆን። ቡና ይቀንሰዋል። ብረት ደግሞ አንጀት ውስጥ ይይዘውና ብዙው ሳይመጠጥ አብሮት ይወጣል፤ ካልሲየምና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕም እንዲሁ። ስለዚህ ከእንቅልፍሽ እንደነቃሽ በውኃ ብቻ ዋጪ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ምንም አትቅመሺ። ቤት የሚፈላ ቡና ለዚህ ይመቻል፦ ኪኒኑን ውጠሽ ቡናውን ማጠብ ብትጀምሪ፣ ተቆልቶ ተወቅጦ አቦል እስኪቀዳ ሰዓቱ ይሞላል። የመንገድ ማኪያቶ ከሆነ ሰዓት ማየት ነው። ብረቱን ወደ ምሳ ወይም ወደ ማታ አዙሪው፤ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይኑር። ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) የምትወስጂ ወይም የጨጓራ ባክቴሪያ ያለብሽ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ የጨጓራ አሲድ ሲያንስ ኪኒኑ በደንብ አይሟሟም።

ጠዋት የማይመቻችሁ፣ የምትጾሙም፣ ማታ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ ስትተኙ መውሰድ ትችላላችሁ። በረመዳን ለሱሁር ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት መንቃት የሚከብደው ሰውም እንዲሁ። አንዱን መርጦ መጽናት እንጂ ዛሬ ጠዋት ነገ ማታ ማለት ውጤቱን ያምታታል። አንድ ቀን ቢረሳ አትደንግጪ፣ ስታስታውሺ ዋጪው። ኪኒኑን ከማሸጊያው አታውጪው፣ ወጥ ቤትም አታስቀምጪው፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል። ፋርማሲው ሌላ አምራች ከሰጠሽ መጠኑ አንድ ቢሆንም ከስድስት ሳምንት በኋላ መለካት ያስፈልጋል።

ላብራቶሪ የምትሄጂ ቀን ደምሽን ከሰጠሽ በኋላ ዋጪ፤ ከዋጥሽ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ፍሪ ቲፎር ከፍ ይላል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲንም ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይቁም፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ቲፎርን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ሌላውን የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቲስሪን፣ ለመለካት ግን ገንዘብ አታውጪ። አብዛኛው ቲስሪ የሚሠራው ከታይሮይድ ውጪ፣ በጉበትና በኩላሊትም ጭምር ከቲፎር ስለሆነ፣ ዕጢው ደክሞም ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ልክ ሆኖ ይቆያል።

ቲኤስኤች የሚያታልልበት አንድ ቦታ አለ፦ የታመመችው ራሷ ፒቱታሪ ስትሆን። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ከዚያ በኋላ ጡቷ ወተት ያልያዘ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ ሴት ቲኤስኤቿ «ልክ» ሊወጣ ይችላል፤ ትእዛዝ ሰጪዋ ስለተጎዳች ነው። እዚያ የሚታየው ፍሪ ቲፎር ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመርቱት ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞንም ቀድሞ ይለካል፤ ኮርቲሶል ጎድሎ ሳይተካ ሌቮታይሮክሲን ቢጀመር አደገኛ ነውና። ያንቺ ግን 18 ስለሆነ ትእዛዝ ሰጪዋ በደንብ እየጮኸች ነው፣ ይህ አያሳስብሽ።

እርግዝና ካሰብሽ ግን አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪ። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው በእናቱ ቲፎር ነው፤ ፍላጎቱ ስለሚጨምር ምርመራው እርግዝና እንዳሳየ በሳምንት ከሰባት ኪኒን ወደ ዘጠኝ ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። ያኔ ቲኤስኤች የሚለካው በየአራት ሳምንቱ ነው።

የሚቀጥለውን ምርመራ ኪኒኑን ከጀመርሽበት ቀን አትቁጠሪው። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ከቡናና ከብረት ጋር ስላለፉ፣ ስድስቱ ሳምንት የሚጀምረው በባዶ ሆድ በውኃ ከዋጥሽበት ጠዋት ነው።