በጀልባ ዕቃ ንግድ ለመሰማራት ላሰባችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፦

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍኩት በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ጀልባ፣ የጀልባ ሞተርና መለዋወጫ በሚሸጡ መደብሮች ውስጥ ነው። መጀመሪያ በዕቃ ክፍል፣ ኋላም በግዢ ኃላፊነት ሠርቻለሁ። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ እዚሁ አሜሪካ በዚህ ንግድ ተቀጥራችሁ ለመሥራት፣ ሌሎቻችሁም በጣና ወይም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ሞተርና ዕቃ ለማቅረብ እንደምታስቡ ስለማውቅ፣ ገበያውን እንዴት እንደማነብ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዋናው ሐሳቤ የጀልባን ገበያ በተሸጠው ጀልባ ብዛት ብቻ እንዳትለኩት ነው። በመደብሩ ግቢ የቆመው ጀልባ ስንት ወር እንደቆየ፣ ለቆመበት ስንት ወለድ እንደሚከፈልና ቀድሞ የተሸጠው ጀልባ በየዓመቱ ምን ዕቃ እንደሚጠይቅ ብታጣሩ ከሽያጩ ቁጥር የበለጠ ትረዳላችሁ።

ለዚህ ቅርቡ ማስረጃ ከ2020 ወዲህ የሆነው ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ኮሮና ሰዎችን ከአውሮፕላንና ከሆቴል ሲያርቃቸው፣ ቤተሰብ ይዞ ከሰው ራቅ ብሎ መዝናናት የሚቻልበት ቦታ ውኃ ሆነ፤ የባንክ ወለድም ዝቅተኛ ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከ310,000 በላይ አዳዲስ የሞተር ጀልባዎች ተሸጡ፤ ይህም ከ2008 ወዲህ ያልታየ ቁጥር ነው። ፋብሪካዎች የሠራተኛና የጥሬ ዕቃ እጥረት ስለገጠማቸው ምርቱ ፍላጎቱን ሊከተል አልቻለም፤ ጀልባው ከፋብሪካ ሳይወጣ በቀብድ ያልቅ ነበር፤ ደንበኛም ስለ ቅናሽ መጠየቅ ትቶ ተራው መቼ እንደሚደርስ ብቻ ይጠይቅ ጀመር። ብዙ ነጋዴዎች ይህን አይተው ገበያው ለዘለቄታው እንዳደገ ቆጠሩና የትዕዛዛቸውን መጠን ከፍ አደረጉ።

ነገር ግን ጀልባ እንደ ዳቦ ዛሬ የገዛው ሰው ነገም የሚገዛው ነገር አይደለም። በዚያ ወቅት ከገዙት ሰዎች ብዙዎቹ በተለመደው ጊዜ ቢሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሊገዙ ያሰቡ ነበሩ። ስለዚህ የ2020 እና የ2021 ሽያጭ አንድ ክፍል ከመጪዎቹ ዓመታት ተነሥቶ የመጣ ሽያጭ ነበር። የታዘዘው ጀልባ በብዛት መድረስ የጀመረውም ፍላጎቱ መብረድ በጀመረበት ጊዜ ነው። በዚያው ላይ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በመጋቢት 2022 ከዜሮ አካባቢ የነበረውን የወለድ መጣኔ እስከ ሐምሌ 2023 ድረስ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው።

እዚህ ላይ የወለዱን ነገር ጠለቅ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣት ሻጮች ወለድ የሚመለከተው ገዢውን ብቻ ይመስላቸዋል። ጀልባ ሻጭ በግቢው የደረደረውን ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ገንዘብ አይገዛውም። ፍሎር ፕላን በሚባለው አሠራር አበዳሪው ለፋብሪካው ይከፍላል፤ ሻጩም ጀልባው እስኪሸጥ ድረስ ወለድ ይከፍላል፤ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ከቆየ ደግሞ ከዋናው ዕዳ ላይ በየጊዜው መቀነስ ይጠበቅበታል። ለምሳሌ 100,000 ዶላር ያወጣ አንድ ጀልባ ዓመት ሙሉ ቢቆም፣ ወለዱ 3.5 በመቶ ከሆነ 3,500 ዶላር፣ 8.5 በመቶ ከሆነ ደግሞ 8,500 ዶላር ይበላል። ይህ ገንዘብ የሚወጣው ከሻጩ ትርፍ ነው። የአዲሱ ዓመት ሞዴል ሲገባ ደግሞ የቆመው ጀልባ ዋጋ ይወርዳል። እንግዲህ ለሥራ የምትጠይቁት ድርጅት ዓምና ስንት ጀልባ እንደሸጠ ሲነግራችሁ፣ በግቢው ካሉት ውስጥ ያለፈው ዓመት ሞዴል ስንቱ እንደሆነ በዓይናችሁ ቁጠሩ። በማሳያው ላይ የተለጠፈው የሞዴል ዓመት የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቁ የምታነቡት ነው።

ትላልቆቹ ድርጅቶች ገንዘባቸውን ያፈሰሱበት አቅጣጫም ይህንኑ ያሳያል። የጀልባና የሞተር አምራቹ ብራንስዊክ በ2019 ፍሪደም ቦት ክለብን ገዛ፤ ይህ ክለብ አባላቱ ጀልባ ሳይገዙ በአባልነት ክፍያ እየያዙ የሚጠቀሙበት ነው። በ2021 ደግሞ የጀልባ ኤሌክትሮኒክስ አምራቹን ናቪኮን በ1.05 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ጀልባ ቸርቻሪው ማሪንማክስ በ2022 አይጂዋይ የተባለውን የማሪናዎች (የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያ ወደቦች) ድርጅት በ480 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሦስቱም ግዢዎች አዲስ ጀልባ በማይሸጥበት ወርም ገቢ የሚያስገቡ ናቸው። ክለቡን በተመለከተ ከእኔ ትውልድ ነጋዴዎች መካከል ገዢ ይቀማናል ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በክለብ ያለ ጀልባ ከግለሰብ ጀልባ ይልቅ ብዙ ሰዓት ስለሚሠራ ዘይት፣ ማጣሪያና ፕሮፔለር (ውኃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው) ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል፤ ይህም ለዕቃ ሻጩ ሲሳይ ነው።

ለእናንተ ከሁሉ የበለጠ ዕድል ያለው በመለዋወጫው ባንኮኒ ኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1968 ራንዲ ሪፓስ ከካሊፎርኒያ ጋራዡ የናይለን ገመድ በመሸጥ የጀመረው ንግድ ዌስት ማሪን ሆኖ በመላው አሜሪካ የተዘረጋው በዚሁ የዕቃ ንግድ ነው። ዛሬ ገመድና ቀለም በኢንተርኔት በርካሽ ይገኛል፤ በእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ከኢንተርኔቱ ጋር መፎካከር ያደክማል። ደንበኛው አሁንም እግሩን አንሥቶ ወደ መደብር የሚመጣው ጥያቄ ሲኖረው ነው።

አንድ ደንበኛ ግማሹ የተበላ ዚንክ በመዳፉ ይዞ መጥቶ «ይህን የመሰለ ስጡኝ» ሲል አስቡት። ይህ ብረት ሞተሩ እንዳይዝግ በሞተሩ ፈንታ የሚበላ ነው፤ ግማሹ ሲያልቅም መለወጥ አለበት። መልካም ሻጭ ከመደርደሪያ ከማንሣቱ በፊት ጀልባው የሚቆመው በጨው ውኃ ነው ወይስ በወንዝና በሐይቅ ብሎ ይጠይቃል። ዚንክ በጨው ውኃ ይሠራል፤ ጨው በሌለው ውኃ ግን ቅርፊት ያበጅና መሥራት ያቆማል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ማግኒዥየም ነው። ማግኒዥየሙን ጨው ውኃ ውስጥ ብታስገቡት ደግሞ በአጭር ጊዜ ተበልቶ ያልቃል። ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበው የጎማ ኢምፔለርም፣ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ውኃ ስለሚስብ ከነዳጁ ውኃ የሚለየው ማጣሪያም እንዲሁ ናቸው፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ሳይለወጡ ሲቀሩ የሚያበላሹት ሞተር ግን ብዙ ሺህ ዶላር ነው።

ሕግም ገበያ ይፈጥራልና የአሜሪካን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደንብ ተከታተሉ። የአደጋ ጊዜ ምልክት የሚሰጡ ርችቶች ከተመረቱ ከ42 ወር በኋላ ጊዜያቸው ያልፋል። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች ሆነው ማጥፊያው በተገጠመላቸው ጀልባዎች ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ወይም መሰል መሣሪያ መጠቀም ግዴታ ሆኗል። ከሚያዝያ 2022 ጀምሮም ከተመረቱ 12 ዓመት ያለፋቸው፣ ዳግም የማይሞሉ የእሳት ማጥፊያዎች አይፈቀዱም። ደንቡን ቀድሞ ያነበበ የመደብር ግዢ ኃላፊ ዕቃውን ቀድሞ ያዝዛል።

ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ብዙ ትጠየቃላችሁ። የሞተር አምራቹ ሜርኩሪ በ2023 አቫቶር የተባለውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር አውጥቷል፤ ያማሃም በ2024 የኤሌክትሪክ ጀልባ ሞተር አምራቹን ቶርኪዶን ገዝቷል። ለአነስተኛ ጀልባና ለአጭር ጉዞ ይበጃል፤ ለረጅም የባሕር ጉዞ ግን የባትሪው ክብደት ገና ችግር ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የምርት ስም ዕድሜ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው የኤቪንሩድ ሞተር ምርት በግንቦት 2020 ቆሟል። ባለቤቱ ድርጅት ዋስትናውን እንደሚያከብርና መለዋወጫ እንደሚያቀርብ ቢያስታውቅም፣ አዲስ ሞተር በመሸጥ ይተዳደሩ የነበሩ መደብሮች በአንድ ጊዜ ሌላ ምርት መፈለግ ነበረባቸው። በአንድ የምርት ስም ብቻ አትታሰሩ።

አገር ቤት ለመሥራት ለምታስቡ ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስለሚሳሳ የነዳጅ ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ በባሕር ወለል ከፍታ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ 33 ገደማ ሆኖ ይሠራል። ከሞተሩ ጋር የመጣው ፕሮፔለር ከበደው ማለት ነው። ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ዙሩ አምራቹ ካስቀመጠው መጠን በታች ከቀረ፣ ፒቹ (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት በኢንች) አነስ ያለ ፕሮፔለር ያስፈልገዋል፤ ከፒቹ አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ይህን አውቆ ትክክለኛውን ፕሮፔለር የሚያቀርብ ሰው ሞተር ሳይሸጥም ደንበኛ ያገኛል። ብሩ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዕቃው በታዘዘበትና በደረሰበት ቀን መካከል ምንዛሬው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ብዙ ሞተር በብድር አስመጥቶ ማቆም ከአሜሪካው ፍሎር ፕላን የባሰ አደጋ አለው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ትዕዛዛችሁ በፊት ወደ ወደቡ ውረዱና ባለጀልባዎቹን አነጋግሩ። የየትኛው አምራች ሞተር ስንት እንዳለ፣ ስንት ዓመት እንደሠራና በየትኛው ዕቃ እጥረት እንደቆመ መዝግቡ። ከዚያም ኢምፔለር፣ ካንዴላ፣ ማጣሪያ፣ ፕሮፔለርና የማግኒዥየም ብረቱን በዚያው መዝገብ ልክ እዘዙ፤ አዲስ ሞተሩን ከእነዚህ ሽያጭ በተገኘው ገንዘብ አንድ ሁለት እያላችሁ አስገቡ።