መኪናው ቆሞ ቢከርምም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል (ቨርጂኒያ ላላችሁ)

እህቴ፣ «አገር ቤት ሦስት ወር ስለምቆይ ኢንሹራንሱን አቋረጥኩ፤ መኪናው አፓርታማው ግቢ ቆሞ ነበር፤ አሁን ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) መንጃ ፈቃድሽን ላግድ ነው አለኝ» ያልሽውን ሳነብ ደሜ እንደገና ፈላ። የእኔም ታሪክ ቁርጥ ይኸው ነው። ከላይ «በቀን 7 ዶላር ይቆጠርብሻል» ያለሽ ወንድማችን የሜሪላንዱን ነው የነገረሽ። እዚያ ለመጀመሪያው 30 ቀን 200 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር ይቀጣሉ። አንቺ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ስለሆንሽ የእኛን ልንገርሽ።

1. ቨርጂኒያ መኪናው ተነዳ አልተነዳ ብሎ አይጠይቅም። ታርጋው በስምሽ እስካለ ድረስ ኢንሹራንስ ሊኖረው ግድ ነው። ስታቋርጪ ኩባንያው ለዲኤምቪ ያሳውቃል፣ ደብዳቤ ይመጣል፣ መልስ ካልሰጠሽ መንጃ ፈቃድሽም የመኪናው ምዝገባም አብረው ይታገዳሉ። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ታርጋውን ማዘጋት ነው፤ በኢንተርኔትም ይቻላል። ኢንሹራንሱ የሚቋረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የኢንሹራንስ ኤጀንቴ ጉድ የሠራኝ እዚህ ላይ ነው። እናቴ ታመው ልሄድ ስል ቢሮው ድረስ ሄጄ «ማቋረጤ ችግር አያመጣብኝም ወይ?» ብዬ በግልጽ ጠየቅኩት። «የቆመ መኪና ምን ይሆናል? ዝም ብለህ ሂድ፣ ስትመለስ ትደውልልኛለህ» አለኝ። የአገሬ ልጅ ነው፣ ስንት ዓመት የከፈልኩት ሰው ነው። ስመለስ የእገዳው ደብዳቤ ጠበቀኝ። ይዤ ሄድኩ። ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣ ሰው ፊት፣ «እኔ ኢንሹራንስ ሻጭ ነኝ እንጂ ዲኤምቪ አይደለሁም» አለኝ። እኔ በመንዳት ነው ልጆቼን የማሳድገው! ከእያንዳንዱ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ኮሚሽን የሚቀበል ሰው «ታርጋህን መጀመሪያ ዝጋ» የምትል አንዲት ቃል እንዴት ይከብደዋል? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደንበኝነታችንን እኔም፣ ወንድሜም፣ የወንድሜ ባለቤትም በዚያው ሳምንት አነሳን።

2. ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እዪ። ዲኤምቪ የሚጠይቅሽ በዚያ በተጠቀሰው ቀን ኢንሹራንስ ነበረሽ ወይ ብሎ ነው። ያቋረጥሽው ከዚያ ቀን በኋላ ከሆነ ኩባንያሽ ማረጋገጫ ይላክልሽ፣ ስለዚያ ቀን ያለው ጥያቄ ያልቃል። ካልነበረሽ ግን 600 ዶላር ቅጣት አለ፣ ከታገደ ደግሞ የማስመለሻ ክፍያ አለ፣ ከዚያ ኤስአር 22 ለሦስት ዓመት።

ስለ 600ው ብዙ አትጨነቂ፣ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። ኪስ የሚያደርቀው ኤስአር 22 ነው። ሌላ ዓይነት ኢንሹራንስ አይደለም፤ ኩባንያሽ «ይቺ ሰው በእኛ ኢንሹራንስ ገብታለች» ብሎ ለዲኤምቪ የሚልከው ማረጋገጫ ነው። ኩባንያዎች ይህን ሲያዩ ዋጋ ይጨምራሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይሰጡም። ስለዚህ ደውለሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ኤስአር 22 ታስገባላችሁ?» ብለሽ ይሁን። በሦስት ዓመቱ ውስጥ ፖሊሲው ከተቋረጠ ኩባንያው ወዲያው ያሳውቃል፣ መንጃ ፈቃድሽ እንደገና ይታገዳል። እኔ የወር ክፍያው ከሚቆረጥበት ቀን በፊት ባንኬን ሳላይ አልተኛም ነበር። ካርዴ ሲቀየር በዚያኑ ቀን ደወልኩ። ሦስቱን ዓመት አንድም ቀን ሳላቋርጥ ጨረስኩ፣ ዛሬ እንደማንኛውም ሰው ነው የምከፍለው።

3. እባክሽን፣ ዲኤምቪ መንጃ ፈቃድሽን መመለሱን ሳያረጋግጥልሽ አትንጂ። «ኢንሹራንስ እኮ ዛሬ ገብቻለሁ» ማለት አያድንም። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት እስከ 500 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በታገደ መንጃ ፈቃድ መንዳት ግን እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል፤ የወንጀል መዝገብ ላይም ይገባል። የዜግነት ጉዳይ ያለው ሰው ይህን በደንብ ያስብበት። እኔ ለዚያ ሰሞን ሥራዬን ትቼ አውቶቡስ ነው የተሳፈርኩት። ቤት ኪራይ ለመክፈል ተበደርኩ፣ ግን መሪ አልነካሁም።

ሌላው፣ ቆየት ያሉ ሰዎች «500 ዶላር ለዲኤምቪ ከፍለሽ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ትችያለሽ» ይሉሻል። ያ አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። በነበረበት ጊዜም ቢሆን ብትጋጪ የሚከፍልልሽ አልነበረም። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ ዝቅተኛው ሽፋን ከፍ ብሏል፤ ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት በሙሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። የድሮ ወረቀትሽን ይዘሽ ዋጋ አታወዳድሪ።

ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀንና ያቋረጥሽበትን ቀን ብቻ እዚህ ጻፊልኝ፤ ስምሽንና የመንጃ ፈቃድ ቁጥርሽን እንዳትለጥፊ። ማታ ከሥራ ስወጣ አይቼ የትኛው እንደሚመለከትሽ እነግርሻለሁ።