መልስ፦ ቤዝ ጊታሬ ከትከሻዬ ወደቀ፤ ስትራፕ ሎክ (የማንገቻ መቆለፊያ) ልግዛ?

አይዞህ ወንድሜ፣ የኔም ልምምድ ላይ ወድቆ ያውቃል። የማንገቻው ቀዳዳ ሰፍቶ ጊታሩ ላይ ከሚያዝበት ጉጥ ሾለከና ሲሚንቶው ላይ ዷ! ከበሮ መቺው ሳይቀር መምታቱን አቆመ።

ሎኩን ከመግዛትህ በፊት አንገቱና ጭንቅላቱ የሚገናኙበትን በባትሪ እየው፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ክሮቹን አላልተህ ለባለሙያ ስጥ። ስትራፕ ሎኩንማ ግዛ፣ ሻለርና ደንሎፕ የሚባሉት ብራንዶች ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ብቻ ጉጡንም የማንገቻውንም ክፍል ከአንድ ዓይነት አድርግ። የጉጡ ቪቲ እንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ዝም ብሎ ከዞረ ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ ነክረህ ሙላው፣ ሲደርቅ መልሰህ እሰር፤ አለዚያ ውዱ ሎክ ከነቪቲው ተነቅሎ ይመጣል። እስኪገዛ ድረስ ማንገቻውን ካስገባህ በኋላ ጉጡ ላይ የጎማ ሮንዴላ አጥልቅበት፤ እኔ ዓመት ሙሉ በሱ ተጫውቻለሁ።