ዝቅ ያለች መኪናን ወደ ቁመቷ መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

ዝቅ የተደረገ መኪና ወደ ፋብሪካ ቁመቱ ስለመመለስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቪትዜን ስገዛት የፊት ሞላዎቿ ተቆርጠው ነበር። ብሬከር ባለፍኩ ቁጥር ሆዷ ይፋቃል። ሞላውን በእሳት አሙቆ መሳብ ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም! እሳት የነካው ሞላ ጥንካሬውን ያጣል፤ ወይ ይተኛል ወይ ይሰበራል። የተቆረጠ ሞላ አይመለስም። ሁለቱንም ቀይር። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደህ «የቪትዝ ሞላ» ብቻ አትበል፤ እንደ ሞተሩና እንደ ካምቢዮው ይለያያል። የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ ሂድ። ሾኩ ዘይት ካላበው አብሮ ይቀየር። አደራ፣ ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የሾኩን የላይኛውን ዳዶ እንዳትፈታ። ተወንጭፎ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ የዋጋ ጥያቄ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ቀይሬ ነበር። በ3 ወሩ ጎሚኒዎቹ (የእግሯ ብረቶች መጋጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ተቀደዱ። ለምን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የጎሚኒዎቹ ቡሎን የጠበቀው መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ ነው። የጎሚኒው መሃል ብረት ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ብረቱ ባለበት ተነክሶ ይቀራል። መኪናዋ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ይጠመዘዛል፤ ቆማ እንኳ አያርፍም። ስትገጥሙ ቡሎኑን ላላ አድርጋችሁ ተዉት። አውርዷት፣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አወዛውዟት። ክብደቷ ጎማዋ ላይ ካረፈ በኋላ የጋራዥ ጉድጓድ ላይ አቁማችሁ አጥብቁ። ከዚያ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን ለኩ፤ እኩል መሆን አለበት። በቅርቡ አንዲት ኮሮላ ግራዋ 36፣ ቀኟ 35 ሳንቲም ሆነብኝ። ብፈታው የግራው ሞላ ጫፍ መቀመጫው ውስጥ አልገባም ነበር።

አንድ አባል፦ መኪናዋን ከፍ ለማድረግ በሞላው ጥቅሎች መሃል ላስቲክ ማስገባት አይቀልም? እኔ 2 ዓመት ነድቼበታለሁ።

ሌላ አባል፦ አስፋልት ላይ ብቻ ስለምትነዳ ነው። ለነገሩ በእኛ መንገድ መኪና ዝቅ ማድረግ ምን ይባላል?

አንድ አባል፦ ያምራላ! የራሴ መኪና ነው፣ አንተን ምን አገባህ?

መልስ፦ እሱን በውስጥ ተነጋገሩ። ላስቲክ የገባበት ጥቅል አይሠራም፤ ጫናው ሌሎቹ ላይ ይወድቃል። አልመክርም።

ጥያቄ፦ የእኔ ይንኳኳል። ምንድነው?

መልስ፦ የት ጋ? ስትዞር ነው ብሬከር ላይ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ሞላ በእሳት ቢሳብስ?

መልስ፦ መልሻለሁ እኮ! ከላይ አንብቡ። የዳዶውንም ነገር ደግማችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ አላይመንት የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ። ቁመቷ ሲቀየር የጎማው አቀማመጥም ይቀየራል፤ ዝም ካላችሁት ጎማ ይበላል። የፊት መብራቱንም አስተካክሉ፤ ከፊት ለሚመጣው ሰው ዓይን ላይ እንዳይበራ።