መቶ አለቃነት አይደለም፦ የኬንቱ ጄኔራል ፊሊፕ ኒም

ወንድሜ፣ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ጡረታ ከወጣ በኋላ የካውንቲ (የአውራጃ) «ምክትል ሌፍተናንት» ሆነ የሚል አንብበህ፣ በጦር ሠራዊት «ሌፍተናንት» መቶ አለቃ ስለሆነ፣ ወደ መቶ አለቃነት ወረደ ማለት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም! ሎርድ ሌፍተናንት ማለት በካውንቲው የዘውዱ እንደራሴ ነው፤ ምክትሎቹም ያለ ደመወዝ ያግዙታል።

እጅግ የማከብራቸውን ሌተና ጄኔራል ሰር ፊሊፕ ኒምን ውሰድ። በ1888 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በኬንት ካውንቲ፣ ፋቨርሻም ተወለዱ። በታኅሣሥ 1914 ፈረንሳይ ውስጥ ኑቭ ሻፔል ላይ ሲዋጉ ገና የመሐንዲስ ጦር መቶ አለቃ ነበሩ። የያኔው የእጅ ቦምብ ፈንጂ የተሞላ የማርማላታ ቆርቆሮ ነው። የክብሪቱን ራስ ከማቀጣጠያው ክር ጫፍ ላይ ይዘው፣ ቀፎውን እየጫሩበት፣ 45 ደቂቃ ያህል ብቻቸውን ወረወሩ። ጠላት ቆመ፤ ሊነሡ የሚችሉ ቁስለኞችም ሁሉ ከዚያ ወጡ። እስቲ አስበው፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ ክብሪት መጫር! የብሪታንያን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ የተሸለሙት ለዚህ ነው። በ1924 በፓሪስ ኦሎምፒክ በተኩስ የቡድን ወርቅ አገኙ፤ ሁለቱንም ያገኘ ሌላ ሰው የለም።

በ1941 ሊቢያ ውስጥ ተማርከው ፍሎረንስ አጠገብ ባለ ግንብ ታሰሩ፤ በ1943 ጣሊያን እጅ ስትሰጥ አመለጡ። ከ1945 እስከ 1953 ከጀርመን ወረራ ገና የተላቀቀችውን፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለችውን የጉርንዚ ደሴት አስተዳደሩ። ያነበብከው ዓይነት ሹመት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1955 ነው፤ ያውም በተወለዱበት በኬንት። በ1978 ያረፉትም እዚያው ነው።