ናፖሊዮን «አመዴ» ሲል ተቃጥሎ መቀበር ፈልጎ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። ባለፈው እሁድ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን ከአጎቴ ጋር በናፖሊዮን ኑዛዜ ተከራከርን። እሱ ያነበበው ትርጉም «አመዴ በሴን ወንዝ ዳር፣ እጅግ በምወደው የፈረንሳይ ሕዝብ መካከል እንዲያርፍ እፈልጋለሁ» ይላል። ጀበናው ሥር ያለውን የከሰል አመድ እያሳየኝ «እንዲህ እንዲያደርጉት ነበር የፈለገው፤ ቃሉን አጥፈው እንዳለ ቀበሩት» አለኝ። እኔ አላመንኩም፣ ግን መልስ አጣሁ። ደግሞ እንግሊዞች ገደሉኝ ብሏል አሉ። ተመርዞ ነው እንዴ? የተሸነፈ ቡና ይከፍላል ተባብለናል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጎትህን ያሳሳታቸው ተርጓሚው ነው። ናፖሊዮን የጻፈው «ሳንድር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ነው። መዝገበ ቃላት ብታይ አመድ ይልሃል። ፈረንሳዮች ግን ስለ ሞተ ሰው በክብር ሲናገሩ፣ እኛ አፅም እንደምንለው ነው የሚጠቀሙበት። «የእከሌ አፅም ለአገሩ በቃ» ሲባል አጥንቱ ብቻ ነው ወይ የመጣው ብሎ የሚጠይቅ አለ?

ኑዛዜው ውስጥ ስለ ማቃጠል አንድም ነገር የለም። ሰውየው ደግሞ ሲናዘዝ ጥቃቅኑን ሁሉ ነው የሚጽፈው። ፀጉሩን አገልጋዩ ማርሻን እንዲያስቀምጥ፣ ከዚያም የወርቅ መቆለፊያ ያለው አምባር እያሠራ ለሚስቱ ለማሪ ሉዊዝ፣ ለእናቱ፣ ለወንድሞቹና ለእህቶቹ እንዲልክ ሳይቀር አዟል። ለፀጉሩ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ሬሳዬን አቃጥሉ ማለት ቢፈልግ እንዴት ይረሳዋል? ከዚያ ቃል በፊት ያለው አንቀጽ ደግሞ በተወለደበት በሮማ ሃይማኖት እንደሚሞት ይናገራል። በዚያ ዘመን ካቶሊክ ሬሳ አያቃጥልም።

እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1821 እንግሊዞች ባጋዙበት በሴንት ሄሌና ደሴት ላይ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መቃብሩ ላይ ስም እንኳን አልተጻፈም፤ ፈረንሳዮቹ «ናፖሊዮን» ብቻ ይባል ሲሉ እንግሊዛዊው የደሴቱ ገዢ ሀድሰን ሎው «ቦናፓርት» ካልተጨመረ አይሆንም አለ፣ ድንጋዩ ባዶውን ቀረ። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በ1840 ሳጥኑ ሲከፈት ገላው ብዙም ሳይፈርስ፣ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ተገኘ። በመርከብ ተጭኖ ዲሴምበር 15 ፓሪስ ገባ፤ ከሴን ወንዝ ብዙም በማይርቀው፣ ኢንቫሊድ በሚባለው ሕንፃ ውስጥ አረፈ። ያንን ጉዞ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ «የሳንድሩ መመለስ» ይሉታል። ያልተቃጠለ ሬሳ ይዘው መጥተው! ለአጎትህ ይቺን ንገራቸው።

መርዙን በተመለከተ፣ የጻፈው «ያለ ጊዜዬ እሞታለሁ፤ የእንግሊዝ ጥቂት ገዢዎችና ቅጥር ነፍሰ ገዳያቸው ገደሉኝ» ነው። ቅጥር ገዳይ ያለው ያንኑ ሎውን ነው። መርዝ የሚል ቃል የለበትም። ይህን ሲጽፍ ኤፕሪል 15 ነበር፤ ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከአምስት ዓመት በላይ በግዞት ተቀምጦ፣ ታሞ። ንዴቱ ይገባኛል። ናፖሊዮንን ላመሰግን አይደለም፤ በ1802 ባርነትን መልሶ ያጸደቀ ሰው ነው። ግን የሞተ ሰው ያላለውን አለ ሲባል አልወድም። ሬሳው ሲመረመር የተገኘው የጨጓራ በሽታ ነው፤ አባቱንም የገደላቸው ጨጓራ ነበር። ፀጉሩ ላይ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ተገኘ ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ይሁንና በዚያ ዘመን አርሴኒክ ቀለም ውስጥም መድኃኒት ውስጥም ነበር፤ በልጅነቱ በተቆረጠ ፀጉሩ ላይም ተገኝቷል።

ቡናውን አጎትህ ይክፈሉ። ሰላምታዬንም አድርስልኝ።